«ስንተኛ ናት?»፦ ከደሴ ሆኜ የምከታተለው የሜሪላንድ ትምህርት ቤት

ሆጤ ተቀምጬ አሜሪካ ያለ ትምህርት ቤት ልገመግም ነው፤ አትሳቁብኝ። ባለቤቴ በዲቪ ሄዳ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ትኖራለች። ልጃችንም 9ኛ ክፍልን እዚሁ ደሴ ጨርሳ በ2016 ክረምት ተከተለቻት። እናትየው የሌሊት ሽፍት ስለምትሠራ ትምህርቱን በስልክ የምከታተለው እኔ ነኝ። 22 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁና ትምህርት ቤት ሳይ ዓይኔ አያርፍም። ስሙን አልጠራም፤ ከዋሽንግተን ወጣ ብለው ካሉት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃዎች አንዱ ነው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ።

ከተጣላንበት ልጀምር። ካርዷን አስተርጉመን፣ ማኅተም አስመትተን ላክን፤ ከ64 ተማሪ 3ኛ። ካውንስለሯ፣ ማለትም ተማሪ የምታማክረውና ክፍል የምትመድበው ሠራተኛ፣ «2016» የሚለውን ስታይ ልጅቱ ስምንት ዓመት ከትምህርት ርቃ የከረመች መሰላት! የዘመን አቆጣጠሩን ልዩነት የሚናገር አንድ መስመር እንኳ ትርጉሙ ላይ አልነበረም። ያ ከተስተካከለ በኋላም አልጀብራ 1 ከተቷት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እነሱ ሒሳብን እንደኛ ቀላቅለው አያስተምሩም። አንድ ዓመት አልጀብራ 1፣ አንድ ዓመት ሙሉ ጂኦሜትሪ፣ ከዚያ አልጀብራ 2፣ ፕሪካልኩለስ፣ ካልኩለስ እያሉ ይወጣሉ። የኛ 9ኛ ክፍል መጽሐፍ ከሁሉም ቆንጥሮ ስለሚሰጥ በነሱ ሚዛን አንዱም ሙሉ አይሆንም። 10ኛ ክፍል ላይ ከታች የጀመረ ልጅ ደግሞ ካልኩለስን ሳያይ ይመረቃል። ስለዚህ የመጽሐፉን ማውጫና የልጅቱን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ላክሁ፣ የምደባ ፈተና ይሰጣት አልኩ። ዝም። ሦስተኛ ኢሜይል ስጽፍ ተፈተነች፤ ጂኦሜትሪንና አልጀብራ 2ን ባንድ ዓመት ጎን ለጎን ወሰደች። ዘንድሮ 11ኛ ናት፣ ፕሪካልኩለስ ላይ። አማራጩ ሞልቶ ተርፏል፤ ላልጠየቀ ግን አይነገረውም። አባቷ የሒሳብ መምህር ያልሆነችዋን ልጅ ሳስባት ይከነክነኛል።

የመጀመሪያ ቀኗ ደግሞ ሌላ ነው። ደወል ሲደወል ልጆቹ ቦርሳቸውን አንስተው ውልቅ አሉ። እሷ ቀጣዩ መምህር እስኪገባ ቁጭ ብላ ጠበቀች። እዚያ ከክፍል ክፍል የሚዞረው ተማሪው ነው፤ መምህሩ በክፍሉ ይቀመጣል። ስትነግረኝ ሳቅሁ፣ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ግን አንጀቴን በላችው።

እንግሊዝኛዋን ዊዳ በሚባል ፈተና መዝነው ኢሶል አስገቧት፤ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ ነው። ዝቅ ያደረጓት መስሏት አለቀሰች። አብሽሪ አልኳት፤ ችሮታም ውርደትም አይደለም፣ መብት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1974 እንግሊዝኛ የማይችሉ ተማሪዎችን ያለ ድጋፍ መተው አድልዎ ነው ብሏል፤ በ1982 ደግሞ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አይከለከልም ብሎ ወስኗል፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ሂዱና አስመዝግቡ፣ ወረቀት የለንም ብላችሁ ልጅ ቤት አታስቀምጡ።

የወላጅ ስብሰባው በነሱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር፣ በኛ ከሌሊቱ ስምንት። መብራት የለም፤ ሻማ ለኩሼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ በቪዲዮ ገባሁ። አስተርጓሚ ጠይቄ ነበርና አማርኛ ተናጋሪ መደቡልኝ፣ በነጻ። የኬሚስትሪ መምህሯ ስለ ልጄ ብዙ በጎ ነገር ተናገረች። እኔ ግን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ «ስንተኛ ናት?» አስተርጓሚዋ ተረጎመች። መምህርቷ ዝም። ደግማ ተረጎመችላት። «እኛ ደረጃ አናወጣም» አለች በመጨረሻ። «ታዲያ ጎበዝ መሆኗን በምን አውቃለሁ?» ስል አስተርጓሚዋ ሳቋ አመለጣት፤ «ጋሼ፣ የኔም አባት እንደዚሁ ነበሩ» አለችኝ፣ ይህን ሳትተረጉመው።

የምቀናባቸው ኤፒ በሚሉት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ የኮሌጅ ትምህርት መማር ማለት ነው፤ ፈተናው በሜይ ወር ይሰጣል፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። 3 እና ከዚያ በላይ ያመጣውን ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንደ ኮርስ ይቆጥሩለታል፣ አንዳንዶቹ 4 ወይም 5 ይላሉ። ለአንድ ፈተና ወደ 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ቅናሽ አለ፣ እሱንም ጠይቁ። የኤፒ ካልኩለስ ፈተና ከፊሉ በግራፍ ካልኩሌተር የሚሠራ ነው። ይሄ ለኔ አልተዋጠልኝም። ልጄ 7 ጊዜ 8ን ካልኩሌተር ላይ ስትፈልግ በቪዲዮ አይቻታለሁ፤ ደሴ እያለች ብታደርገው ኖሮ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቆማት ነበር።

በሌላ በኩል ሜሪላንድ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ለመመረቅ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይጠበቅበታል። ልጄ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ለሕፃናት ታነብባለች። ይህን ለክፍል ተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዱ «ቲቸር፣ እኛ ውኃ የቀዳንበት ቢቆጠር ዶክትሬት ነበረን» አለኝ። ምን እላለሁ?

ለምትሄዱ፦ ትምህርት ቤቱን የሚወስነው የምትከራዩት ቤት አድራሻ ነው፣ ኪራይ ሳትፈርሙ የትኛው እንደሚደርሳችሁ አጣሩ። ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ።

ወላጅ የሚያይበት መተግበሪያ አላቸው፤ እያንዳንዱ የቤት ሥራ ከነውጤቱ ይወጣል። ትናንት ሌሊት ከፈትኩት፦ ኬሚስትሪ፣ የላብራቶሪ ሪፖርት፣ «አልገባም»። ወዲያው ደወልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። «አባ፣ ቀኑ እስከ ነገ ተራዝሟል» አለችኝ። «ስልክህን አጥፋና ተኛ እንጂ፣ አንተ ጋ ስንት ሰዓት ነው?»