ለሰሜን ተራሮች ብርድ ከቆዳ ላይ ምን ይለበስ? ጥጥ፣ ፖሊስተር ወይስ ሜሪኖ ሱፍ

በታኅሣሥና በጥር ሰሜን ተራሮችን የሚወጣ ሰው ቀን ላይ ዳገቱ በላብ ያጠምቀዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ግጭ ካምፕ ብርዱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ያድራል። ቀን በላብ የራሰ ልብስ ማታ ገላ ላይ ከቆየ ከላይ የተደረበው ጃኬት የቱንም ያህል ቢወፍር ብርዱን አያስቆምም።

ጥጥ ለዚህ መንገድ አይሆንም። ካናቴራው ላቡን መጥጦ ይይዛል፣ ቶሎም አይደርቅም። ጋቢ ግን ማታ ካምፕ ውስጥ ደረቁን ሲደረብ ተወዳዳሪ የለውም።

ፖሊስተር ከክብደቱ 1 በመቶ የሚሆን እርጥበት እንኳ አይመጥም። ለዚህ ነው ትንሽ አረፍ እስኪሉ ገላ ላይ የሚደርቀው። ርካሽና ጠንካራም ነው። ነገር ግን በማግስቱ ይሸታል፣ ምግብ ከሚበስልበት እሳት ፍንጣሪ ካረፈበትም ቀልጦ ይበሳል።

ሜሪኖ፣ ማለትም ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚሸለተው ለስላሳ ሱፍ፣ የክብደቱን 30 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞም ቆዳ ላይ ደረቅ ይመስላል፤ ቢረጥብም ያሞቃል፣ ለቀናት ቢለበስም አይሸትም። ዋጋው ግን ከፖሊስተር በጣም ይወደዳል፣ ከራሰ ለመድረቅ ይዘገያል፣ ስሱ ዓይነት ደግሞ የቦርሳ ማንገቻ በሚፈትገው ትከሻ ላይ ቶሎ ይበሳል። ሲታጠብ በረኪና እንዳይነካው፤ ሱፍን ይበላዋል። በካሬ ሜትር 150 ግራም የሚመዝነው ለዳገት፣ 250ው ለመኝታ ይስማማል፤ 200 ግራሙ ለሁለቱም ያገለግላል።

ከሰልባጅ ተራ የሚገዙና መለያው የተቆረጠ ከሆነ፣ ሻጩን አስፈቅደው ከጨርቁ አንዲት ክር መዘው ያቃጥሉ። የስፌቱን ክር አይምዘዙ፤ የሱፍ ልብስም ብዙ ጊዜ በፖሊስተር ክር ይሰፋል። ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተውን ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ከሠራ ፖሊስተር ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ክር ነው። የተቃጠለ ወረቀት የሚሸት ከሆነ ጥጥ ነውና ይተዉት።

ውሎ ለሚመለስ ሰው ፖሊስተር ይበቃዋል፤ ለሜሪኖ ገንዘብ አያውጣ። ከ4,500 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው ራስ ደጀን ለሚዘልቅና በድንኳን ለሚያድር ግን ሁለቱንም እመክራለሁ፦ ፖሊስተሩን ለመንገድ፣ ሜሪኖውን በፌስታል ጠቅልሎ ለማታ። ካምፕ እንደደረሱ፣ ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሳይጠብቁ፣ ይቀይሩ። ገንዘቡ ለአንድ ሜሪኖ ብቻ ከበቃ የላይኛውን ይግዙ፤ ለእግር የፖሊስተር ታይት ይበቃል።