ፀጉር መንጨት ያቆማል የተባለውን ቫይታሚን ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

ጎንደሬዎች፣ በተለይ ፀጉሩን የሚነጭ ልጅ ያላችሁ፣ ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ስሙኝ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮስሞቲክስ ሱቅ አለ። «ፀጉር መንጨትን በወር ውስጥ የሚያቆም፣ በጥናት የተረጋገጠ» እያለ በቴሌግራም አንድ ቫይታሚን ያስተዋውቃል። እህቴ ለ11 ዓመት ልጇ በ3,500 ብር ገዛችው። ልጅቷ ሲጨንቃት፣ አንዳንዴም ሳይታወቃት ፀጉሯን እየነጨች መሀል አናቷ ተመልጧል። ሻሽ ሳታስር ከቤት አትወጣም። እናት እንዲህ ተጨንቃ ሳለ «በጥናት የተረጋገጠ» ሲሏት እንዴት አትገዛ!

እኔን ያናደደኝ ጥናቱ በእርግጥ መኖሩ ነው። ኤን-አሴቲል ሲስቴይን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሐኪሞች አክታ ለማቅጠንና ፓራሲታሞል ከልክ በላይ ለወሰደ ሰው ይጠቀሙበታል። በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ፀጉራቸውን በሚነጩ 50 አዋቂዎች ላይ ለ12 ሳምንት ተሞከረ። ከወሰዱት 56 በመቶው በደንብ ተሻላቸው። የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው የተሻላቸው 16 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥሩ ውጤት ነው። ግን መጠኑ በቀን ከ1,200 እስከ 2,400 ሚሊግራም ነበር።

አሁን የእህቴን ብልቃጥ ጀርባ እንይ። በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ከዚሁ ንጥረ ነገር በአንድ ፍሬ 50 ሚሊግራም አለ ይላል። ትንሹን መጠን ለመሙላት በቀን 24 ፍሬ መዋጥ ሊኖርባት ነው! ብልቃጡ ያለው 60 ፍሬ ነው፤ ሦስት ቀን እንኳን አያደርስም። የቀረው በየሱቁ የሚሸጠው የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን፣ ባዮቲን ነው። ባዮቲን እጅን ከፀጉር አያስቆምም።

ሻጩ ያልነገራት ሌላም ነገር አለ። ያው ንጥረ ነገር ከ8 እስከ 17 ዓመት ባሉ 39 ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከማስመሰያው ክኒን የተለየ ጥቅም አላሳየም። እንግዲህ መጠኑ ቢሞላ እንኳ ለልጅ ይሠራል የሚያስብል ማስረጃ የለም ማለት ነው። እህቴ ልትመልስ ስትሄድ «የተከፈተ አንቀበልም» አሏት። ሳይከፈት ጀርባውን ማን ያነባል? ማሸጊያው እኮ ጽሑፉን ሸፍኖታል።

ልጃችሁን አትቆጡ፣ አትምቱ፣ እጇንም አትሰሩ። ፈልጋ አይደለም የምትነጨው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ ውሰዷት። ለዚህ ችግር ቀድሞ የሚመከረው ክኒን ሳይሆን ሥልጠና ነው። እጇ መቼ ወደ ፀጉሯ እንደሚሄድ ትለያለች፤ ያኔ ጨብጣ መያዝን ወይም ሌላ ነገር መሥራትን ትለማመዳለች። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይረዳል።

ገዝታችሁ እየወሰዳችሁ ያላችሁ ደግሞ፣ ለምርመራ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። ባዮቲን የእንቅርት ሆርሞን ምርመራን ውጤት ሊያዛባ ይችላል።