14 ኮር ያለው ዚዮን ወይስ 6 ኮር ያለው ራይዘን? ለጌም የቱ ይሻላል

ያገለገለ የሰርቨር ፕሮሰሰር ስታዩ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ቁጥሩ ላይ ነው። 14 ኮር (ሥራውን የሚሠራው የፕሮሰሰሩ ክፍል)፣ 28 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚሄዱ የሥራ መስመሮች)፣ 35 ሜጋባይት ካሽ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ)። ዋጋውን ስትሰሙ ደግሞ ከአንድ አዲስ ባለ 6 ኮር ዴስክቶፕ ፕሮሰሰር በብዙ ያንሳል። “ታዲያ ለምን አልገዛውም?” ትላላችሁ። እኔም ያኔ እንደዛው ብዬ ገዝቼዋለሁ፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ።

ለማወዳደር ሁለት ፕሮሰሰር እንያዝ። አንዱ ኢንቴል ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ነው። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለሰርቨር ተብሎ የወጣ፣ አሁን ከዳታ ሴንተር እየተነቀለ በብዛት የሚሸጥ። ሌላው የ2022ቱ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ነው፤ 6 ኮር፣ 12 ትሬድ ያለው ተራ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር።

ዚዮኑ ከ2.4 ጊጋኸርዝ (የፕሮሰሰር ፍጥነት መለኪያ) ተነስቶ ቢበዛ 3.3 ይደርሳል፤ እሱም ጥቂት ኮሮች ብቻ ሲሠሩ ነው። ራይዘኑ ከ3.5 ተነስቶ 4.4 ይገባል። ግን ነገሩ ጊጋኸርዝ ብቻ አይደለም። በመሀል የስድስት ዓመት የዲዛይን ለውጥ አለ፤ ሁለቱን እኩል ጊጋኸርዝ ላይ ብታስሯቸው እንኳን አዲሱ ኮር በዚያው ጊዜ ውስጥ የበለጠ ሥራ ይጨርሳል። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ከሚታየው በጣም የሚሰፋው ለዚህ ነው።

ጌም ይህን ለምን እንደሚፈልግ ላስረዳ፤ ዋናው ነገር እሱ ስለሆነ። በሰከንድ 60 ፍሬም (ተከታታይ ምስል) እንድታዩ ፕሮሰሰሩ ለእያንዳንዱ ፍሬም ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር ካላችሁና እሱን መሙላት ከፈለጋችሁ ወደ 6.9 ይወርዳል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ የማውሳችሁን ክሊክ መቀበል፣ ጠላት ወዴት እንደሚሄድ ማስላት፣ ጥይቱ መታ አልመታ ማለት፣ ከዚያም ግራፊክስ ካርዱን “ይህን ሳል” ብሎ ማዘዝ አለበት። አብዛኞቹ ተራ ጠባቂ ናቸው፤ የፊተኛው ሳያልቅ የኋለኛው አይጀምርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንላለን አይደል? ቪዲዮ ሬንደር ማድረግ (ያቀናበራችሁትን አስልቶ ማውጣት) ልክ እንደ ሎሚው ነው፤ ለ14ቱ ኮር ብታካፍሉት ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። የጌም ዋናው ትሬድ ግን የማይከፋፈል አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው። ደካማ ተሸካሚ ቢበዛ ዋጋ የለውም፤ የሚፈለገው አንድ ጉልበተኛ ነው።

ይህን በዓይኔ ያየሁት ዚዮኑን በገጠምኩ ቀን ነው። ታስክ ማናጀር ከፍቼ 28ቱን ትንንሽ ሳጥኖች በሁለተኛው ስክሪን ላይ ደረደርኩና ጌም አስነሳሁ። ሜዳ ላይ እያለሁ ሰላም ነበር። ሕዝብ የሚበዛበት ከተማ ውስጥ ስገባ ግን ምስሉ መቆራረጥ ጀመረ። ሳጥኖቹን አየሁ፤ ሁለት ሦስቱ እየተቀያየሩ እስከ ጣሪያ ይሞላሉ፣ ጥቂቶቹ ከፍ ዝቅ ይላሉ፣ የቀሩት ከወለሉ አልተነሱም። የፕሮሰሰሩ ጠቅላላ አጠቃቀም ከ20 በመቶ አልዘለለም። ግራፊክስ ካርዱም ትእዛዝ እየጠበቀ ቁጭ ብሏል። የከፈልኩባቸው ኮሮች አብዛኞቹ ሥራ ፈት ነበሩ።

“ካሹስ? የዚዮኑ 35፣ የራይዘኑ 32 ነው” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን የዚዮኑ ካሽ በ14ቱ ኮር መካከል ተበትኖ የተቀመጠ ስለሆነ አንድ ኮር የሚፈልገውን ዳታ እስኪያገኝ ይዘገያል። ካሽ ቅርብና ሰፊ ሲሆን ጌም ምን ያህል እንደሚወደው ማየት የፈለገ የኤኤምዲን ኤክስ3ዲ (ተጨማሪ ካሽ ያላቸው) ፕሮሰሰሮች ይይ። የ2023ቱ ራይዘን 7 7800ኤክስ3ዲ 8 ኮር ብቻ ነው ያለው፤ ካሹ ግን 96 ሜጋባይት ነው፣ እስከ 5 ጊጋኸርዝም ይሮጣል። ከዚያው ከኤኤምዲ ኢፒክ 9654 የሚባል የሰርቨር ፕሮሰሰር አለ፤ እሱ ደግሞ 96 ኮር አለው። ፍጥነቱ ቢበዛ 3.7 ሲሆን ለጌም ብትገጥሙት ባለ 8 ኮሩ ጥሎት ይሄዳል። ያውም የኢፒኩ የኃይል መጠን 360 ዋት፣ የሌላው 120 ዋት ነው።

ሁለት ዚዮን በአንድ ቦርድ ላይ መግጠም ለሚያምራችሁ፦ ለጌም ብላችሁ ከሆነ ተዉት። አንዱ ፕሮሰሰር ከሌላው ጋር የተያያዘ ራም ውስጥ ያለ ዳታ ሲፈልግ መንገዱ ይረዝማል፤ ጌሙም ይባስ ይንቀራፈፋል።

አሁን ወደ ማዘርቦርዱ። ሰው ፕሮሰሰሩን ብቻ አይቶ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እውነተኛ የሰርቨር ቦርድ ስትከፍቱት ራሱን ፈትሾ እስኪነሳ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ብዙዎቹ የድምፅ መሰኪያ የላቸውም፣ መጠናቸውም ተራ ኬዝ ውስጥ የማይገባ አለ። ሌላው አማራጭ ለእነዚህ ዚዮኖች ተብለው የሚሠሩት ርካሽ ኤክስ99 ቦርዶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ቺፕሴታቸው (የቦርዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ቺፕ) ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ነው፤ የባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) አፕዴት ማግኘትም ከባድ ነው። የኔው አንዴ እንቅልፍ ሞድ ከገባ ሳያጠፉት አይነቃም ነበር። ራሙም ሌላ ጣጣ ነው። ርካሹ የሰርቨር ራም ሬጅስተርድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ወደፊት ዴስክቶፕ ስትገዙ እዚያ ላይ አይሠራም። አብራችሁ መጣል ነው።

ዊንዶውስ 11ም አለ። ኢ5 ቪ4 ማይክሮሶፍት ከሚደግፋቸው ፕሮሰሰሮች ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በዘዴ መጫን ይቻላል፤ ግን ለማጭበርበር መከላከያ ሲሉ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሶፍትዌሩን የሚፈትሽ መከላከያ) የሚጠይቁ ኦንላይን ጌሞች ላይ ችግሩ ይመጣል።

ራይዘን 5600 በዚህ በኩል ያሳርፋል። የኃይል መጠኑ 65 ዋት ነው፣ የዚዮኑ 120። ነገ ገንዘብ ሲገኝ ያንኑ ቦርድና ራም ይዛችሁ፣ ባዮሱን አድሳችሁ፣ 5800ኤክስ3ዲ መሰካት ትችላላችሁ። ኢንቴል ለሚመርጥ አይ5-12400ኤፍ እኩያው ነው። ገንዘቡ ካልደረሰ አይ3-12100ኤፍን አትናቁት፤ 4 ኮር ብቻ ቢሆንም 4.3 ጊጋኸርዝ ስለሚደርስ አብዛኛው ጌም ላይ ያንን 14 ኮር ይቀድመዋል። ሁሉም ግን የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ካርድ የግድ ነው። ዚዮኑም እንደዛው።

ዚዮን አትግዙ እያልኩ አይደለም። ብሌንደር (የ3ዲ ሥራ ሶፍትዌር) ላይ ለሚውል፣ ብዙ ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ለሚያስነሳ፣ ለጓደኞቹ የጌም ሰርቨር ለሚከፍት ሰው በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ነው። በ4ኬ (በጣም ከፍተኛ የምስል ጥራት) ለሚጫወትና 60 ፍሬም ለሚበቃውም ልዩነቱ ይጠባል፤ እዚያ ሸክሙ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነዋ። ከገዛችሁ ግን ስሙ መጨረሻ ላይ ቪ3 ወይም ቪ4 ያለው ይሁን። ቪ2 እና ከዚያ በፊት ያሉት ኤቪኤክስ2 (አንዳንድ ጌሞች የሚፈልጉት የፕሮሰሰር ትእዛዝ ስብስብ) ስለሌላቸው ጨርሶ የማይነሱላቸው አዳዲስ ጌሞች አሉ።

ከሰርቨሮቹ ውስጥ ለጌም ከልቤ የምመክረው አንድ ብቻ ነው፦ ዚዮን ኢ3-1230 ቪ3። 4 ኮር፣ 8 ትሬድ፣ እስከ 3.7 ጊጋኸርዝ። የ4ኛ ትውልድ አይ3 ይዛችሁ ከሆነ በዚያው ተራ ቦርድ ላይ ይገባል፤ ቦርዱ እንደሚቀበለው ብቻ አረጋግጡ። ከቪ5 ጀምሮ ያሉት ኢ3ዎች ግን የሰርቨር ቺፕሴት ካልሆነ አይሠሩም፤ ስማቸው ስለሚመሳሰል ስትገዙ ቁጥሩን አጥርታችሁ እዩ።

አሁን ያላችሁን ኮምፒውተር መቀየር እንዳለባችሁ ካላወቃችሁ ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ። የሚያስቸግራችሁ ቦታ ላይ ቁሙና የጌሙን ሬዞሉሽን (የምስሉን የነጥብ ብዛት) በጣም አውርዱት። ፍሬሙ ከፍ ካለ የሚያንሳችሁ ግራፊክስ ካርዱ ነው። ካልተነቃነቀ ግን ፕሮሰሰሩ ነው።