ጋደም ብሎ ወይስ ጎንበስ ብሎ? ለረጅም የቡድን ጉዞ ሳይክል ለምትገዙ

ሳይክል ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ብር እንደያዘ አይደለም። «የምታድረው የት ነው? ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ?» ነው የምለው። ቀልድ የሚመስላቸው አሉ። የምሬን ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመሀል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የደሴ ልጅ ጠዋት ብዙም ፔዳል ሳይመታ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ማታ ግን እግሩ ዝሎ፣ ውኃው አልቆ ሐረጎ የሚባለውን ጥምዝምዝ ዳገት ይጋፈጣል። የኮምቦልቻ ልጅ ተቃራኒው ነው። ዳገቱን በትኩስ ጉልበቱ ይጨርሳል። ማታ ፍሬን እየያዘ ቤቱ ይገባል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ሳይክል ግዙ ማለት አይሆንልኝም።

የማወዳድረው ኮርስን ከሪከምበንት ጋር ነው። ኮርስን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጎንበስ ተብሎ የሚነዳው ነው። ሪከምበንት የጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበር አለው። ጋደም ትላላችሁ፣ ፔዳሉ ከፊታችሁ ነው፣ እግራችሁን ወደ ፊት እየገፋችሁ ትሄዳላችሁ። የቡድናችን ልጆች የኔን «አልጋው» ነው የሚሉት። ዓርብ ማታ «ነገ አልጋው ይመጣል?» እየተባለ ይደወልልኛል።

ሁለቱም አሉኝ። ኮርሱን ለዓመታት ነድቼዋለሁ። አልጋውን የአጎቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ ያገለገለ ገዝቶ አመጣልኝ። መጀመሪያ ሐይቅ ከተማ ይዤው የገባሁ ቀን አንዲት እናት መንገድ ዳር ቆመው አዩኝ። ከንፈራቸውን መጠጡና «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያሽርህ!» አሉኝ። በሽተኛ መስያቸው ነው። አሜን ብዬ አለፍኩ፤ ምርቃት አይመለስም።

ሰውነት ላይ

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር የለም። ኮርስ ላይ ክብደታችሁ በጠባብ ኮርቻ፣ በመዳፍና በእግር ላይ ነው የሚያርፈው። 2 ሰዓት ምንም አይደለም። 6 ሰዓት ሲሆን ግን መቀመጫ ይላጣል፣ አንገት ይደርቃል፣ መዳፍ ይደነዝዛል። እኔን ለአልጋው የዳረገኝ እጄ ነው። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ደንዝዘው እስከ ማግስቱ አይመለሱም ነበር። መሪውን ለረጅም ሰዓት ተደግፎ መዳፍ ውስጥ የሚያልፈውን ነርቭ መጫን የሚያመጣው ችግር ነው። ሪከምበንት ላይ እጅ መሪውን ይነካል እንጂ ምንም አይሸከምም። ጀርባና ዳሌ ሙሉ ለሙሉ ወንበሩ ላይ ያርፋሉ። ጣቶቼ ዳኑ።

ታዲያ የራሱ ጣጣ አለው። እግር ከፍ ብሎ ስለሚቆይ የእግር ጣት ይደነዝዛል። ጫማው ፔዳሉን የሚይዝበትን ብረት ወደ ተረከዝ ጠጋ ማድረግ ያግዛል። ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ ኮርስ ላይ ብድግ ትላላችሁ። አልጋው ላይ ብድግ የሚባል ነገር የለም፤ ጉድጓዱን ወገባችሁ ነው የሚቀበለው። ፀሐዩም ዝናቡም በቀጥታ ፊት ላይ ነው። ኮምቦልቻን በቀትር ያለ ጥላ ባርኔጣ የሞከርኩ ዕለት አፍንጫዬ ተላጠ።

ሜዳና ንፋስ

ሪከምበንት ሜዳ ላይ ፈጣን ነው ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፎር በ1933 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ በሪከምበንት በአንድ ሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ከ55 ሜትር ሄዶ ነበር። ኦስካር ኤግ በ1914 ያስመዘገበውን የሰዓት ክብረ ወሰን በለጠ ማለት ነው። በዓመቱ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት የውድድር ሳይክል ምን መምሰል እንዳለበት ደነገገ። ሪከምበንት ከመስመር ወጣ። እስከ ዛሬም እንደወጣ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ እንደ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ድረስ እነዳለሁ ካለ ያለጥያቄ ኮርስ ግዙለት።

የረጅም ርቀት የቡድን ጉዞ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ የምትፎካከሩት ከሰዓት ጋር ነው። በዓለም የታወቀው የፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ ጉዞ 1,200 ኪሎ ሜትር ነው። እንቅልፉም ምግቡም ተቆጥሮ እስከ 90 ሰዓት ይሰጣል። ሪከምበንት ይፈቀዳል። የማጣሪያው 200 ኪሎ ሜትር ደግሞ 13 ሰዓት ተኩል አለው፤ በአማካይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እንዲህ ባለ ጉዞ ከፍጥነት ይልቅ ሳይታመሙ መዋል ነው የሚያዋጣው።

አንድ ነገር ግን ሻጮች አይነግሯችሁም። የሪከምበንት ጥቅም የሚመጣው ንፋስ ከመቁረጡ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አየሩ ራሱ ስስ ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ኮርሱም ይቀለዋል፤ ልዩነቱ ይጠባል። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት «በሰዓት ይህን ያህል ይበልጣል» የሚል ወሬ ሜዳማ አውሮፓ ውስጥ የተለካ ነው። ከኮምቦልቻ በሐርቡ በኩል ከሚሴ ድረስ ባለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን አልጋው አሁንም ያስቀናል። መንገዱ ረጋ ብሎ ነው የሚወርደው፤ ሲመለስም ረጋ ብሎ ነው የሚወጣው። እዚያ መንገድ ላይ ልጆቹ እኔን ለመያዝ ሲያልባቸው አይቻለሁ። ትንሽ ደስ አይለኝም አልልም።

ሐረጎ

አሁን ወደ እውነቱ። የኔ ኮርስ 10 ኪሎ ነው። አልጋው 16። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሳይክሉ ጋር 80 የነበረው 86 ይሆናል። 2 ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ ክብደቱ ብቻ 9 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ መነሳት አለመቻሉ ነው። ኮርስ ላይ ዳገቱ ሲጠና ቆማችሁ በክብደታችሁ ፔዳሉን ትረግጣላችሁ፣ ጡንቻ ይቀያየራል። ጋደም ብሎ ያለው ሰው መጀመሪያ የጀመረበትን ጡንቻ ብቻ ይዞ ነው ጫፍ የሚደርሰው። መፍትሔው ቀላል ማርሽ አስገብቶ በትዕግሥት ማሽከርከር ነው። ፍጥነቱ ሲወርድ ግን ባለ ሁለት ጎማው መወላገድ ይጀምራል። ከኋላ የጫነ ተሳቢ እያቃሰተ ሲመጣ መወላገድ ደስ አይልም።

ቁልቁለቱ ላይ ካሳ አለ። በፊት ጎማ ላይ ተገልብጦ የመውደቅ ፍርሃት የለም ማለት ይቻላል። ኩርባ ላይ ረግቶ ይገባል። ግን ይፈጥናል፤ ፍሬኑ ዲስክ ካልሆነ ለደሴ አትግዙት። ክረምት ላይ ጉም ሲወርድ ደግሞ ዝቅ ያለ ሳይክል ከባድ መኪና ነጂ ዓይን ውስጥ አይገባም። እኔ ከወንበሩ ጀርባ ረጅም ዘንግ ላይ ቀይ ባንዲራ አስሬያለሁ። ከኋላ መብራት ቀን ቀንም ይበራል።

ቡድን ውስጥ

ሰው ሳይገዛ የማያስበው ይህን ነው። ቡድን አብሮ የሚሄደው አንዱ ለአንዱ ንፋስ እየከለለ ነው። እኔ አልጋው ላይ ሆኜ ከፊት ስሆን ከኋላዬ ያለው ልጅ የሚከለልበት ነገር የለውም፤ ደረቱ ከራሴ በላይ ነው። ስለዚህ ተራዬ ሲደርስ ጥቅም የለኝም። ዳገት ላይ ወደ ኋላ እቀራለሁ፣ ቁልቁለት ላይ ጥያቸው እጠፋለሁ፣ ሜዳ ላይ እንገናኛለን። ሻይ ስንጠጣ ነው በደንብ የምንጨዋወተው።

ሌላም አለ። በብዙ ሪከምበንት ላይ የፔዳሉ ጥርስ ከፊት ጎማው ቀድሞ ወጥቶ ነው ያለው። ከፊታችሁ ያለው ልጅ ድንገት ፍሬን ከያዘ የሚነካው እሱ ነው። ራቅ ብሎ መሄድ ግድ ነው። ዞር ብሎ ማየትም ስለማይመች በሁለቱም በኩል መስታወት ያስፈልጋል። ፒያሳ ላይ ባጃጅ መሀል ቆም፣ ነሳ፣ ቆም፣ ነሳ ሲሆን ኮርስ በብዙ ይሻላል።

ዕቃና ጥገና

ኮርስ ከተበላሸ የትኛውም ጥገና ቤት ይረዳችኋል። ሪከምበንቱን ሲያየው የሰፈሬ ጎሚስታ መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረ፣ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ሰንሰለቱ በጣም ረጅም ስለሆነ የኮርስ ሰንሰለት ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት መቀጠል ያስፈልጋል። ጥሩ ዜናው የብዙዎቹ የፊት ጎማ ትንሽ ነው። 20 ኢንች የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው፤ 406 የሚለው ከልጆች ሳይክል ጋር አንድ ስለሆነ የውስጡም የውጭውም ጎማ ገበያ ላይ ይገኛል። 451 የሚለውን ግን እዚህ አገር ይዛችሁ አትግቡ።

እነ አዙብ፣ እነ ኤችፒ ቬሎቴክኒክ የመሳሰሉት ሠሪዎች አነስተኛ ናቸው፤ በብዛት አያመርቱም። አዲሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 ዶላር ይዘላል። ያገለገለ ስታስመጡ የወንበሩን ስፋትና ፔዳሉ የተገጠመበት ቱቦ ምን ያህል እንደሚረዝምና እንደሚያጥር ቀድማችሁ አስለኩ። እግራችሁ ካልደረሰ ወይም ከታጠፈ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ወንድማማች ተዋውሶ የሚነዳውም ዓይነት አይደለም፤ ቱቦውን ባንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ሰንሰለቱም መስተካከል አለበት። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲጫን ደግሞ አንድ ረዳት የሁለት ሰው ሒሳብ ጠይቆኛል። አልተከራከርኩም፤ ልክ ነበር።

ባለ ሦስት እግሩስ?

ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ ያለው አለ። ዳገት ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ብትዘገዩ አይወድቅም። መሀል ላይ ቆማችሁ ውኃ ጠጥታችሁ መቀጠል ትችላላችሁ። ለወገብ ሕመምተኛና ሚዛን ለማይጠብቅ ሰው ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ግን ከሁሉም የከበደና ዝቅ ያለ ነው፤ ሦስት መስመር ስለሚሠራ ከጉድጓድ አያመልጥም። ባጃጆች ዘመዳቸው ስለሚመስላቸው ጥሩምባ ይነፉለታል።

የኔ ፍርድ ይህ ነው። ኮምቦልቻ የምታድሩ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ መስመር የምትነዱ፣ እጅና አንገታችሁ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሪከምበንቱን ግዙ። ደሴ የምታድሩና ከጓደኞቻችሁ ጎን ለጎን መሄድ የምትወዱ ከሆነ ኮርስ ግዙ፤ የተረፈውን ብር ለጥሩ ኮርቻና ለወፍራም የመሪ መጠቅለያ አውሉት። እኔ ራሴ ደሴ ነው የማድረው። ሐይቅና ኮምቦልቻ ደርሶ መልስ ሲሆን ኮርሱን፣ ከኮምቦልቻ ተነስተን ረጅም መንገድ ስንሄድ አልጋውን ይዤ እወጣለሁ።

ካመነታችሁ ገንዘብ ሳታወጡ ሞክሩት። አሁን ባለችው ሳይክላችሁ ላይ 6 ሊትር ውኃ ጫኑ። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ አንድ ጊዜም ከኮርቻው ሳትነሱ ውጡ። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ቡድናችሁን ስንት ደቂቃ እንደጠበቃችሁ ጠይቁት።