የስም አመጣጥ የሚነግር አፕ፦ በ«ዊልያም» ፈተንኩት

ስልኬ ላይ እንደጫንኩት መጀመሪያ የፈለግኩት «ዊልያም»ን ነው። እዚህ ላይ አንደኛ ነው። ሥሩ ጀርመናዊ እንደሆነ፣ «ፈቃድ» እና «የራስ ቁር» ከሚሉ ሁለት ቃላት እንደተገጣጠመ ቁልጭ አድርጎ ያስቀምጣል። የጀርመኑ ቪልሄልም፣ የሆላንዱ ቪለም፣ የጣልያኑ ጉልየልሞ፣ የስፔኑ ጊዬርሞ ሁሉም በአንድ የዘር ሐረግ ተሰልፈዋል። ድምፃቸውንም ያሰማል።

በጣም የወደድኩት የፈረንሳዩን ጊዮም ያብራራበትን ነው። ፈረንሳዮች ከጀርመን ወገን የመጣውን የ«ው» ድምፅ ወደ «ግ» ለወጡት። ኖርማኖች፣ የሰሜን ፈረንሳይዋ የኖርማንዲ ሰዎች፣ ግን «ው»ን አልጣሏትም። በ1066 እንግሊዝን የያዘው የኖርማንዲው መስፍን ስሙን ይዞ ሲገባም እንግሊዞች «ዊልያም» ብለው ቀጠሉ። አፑ ይህን በካርታ እያሳየ ነው የሚተርከው፣ አሪፍ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ሊያምን «የአየርላንድ ስም» ብሎ ብቻ አለፈው። ኧረ እሱም ከዊልያም የወጣ ነው! አይሪሾች ዊልያምን በራሳቸው አነጋገር ተቀብለው፣ ኋላ ፊቱን ቆርጠው ሊያም አሉት። ዛሬ ይህን ያህል የሚወደድ ስም እንዴት እንዲህ ይዘለላል? ቪልሄልሚናና ዊልማ፣ የሴቶቹ፣ ጭራሽ የሉም።

ማስታወቂያው ደግሞ በየፍለጋው መሀል ድንቅር ይላል። ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ለማወቅ ጉጉት ነጻው በቂ ነው፤ የሚከፈልበት የሚጨምረው ማስታወቂያ ማጥፋት ብቻ ነው።