ደርቋል ያሉኝ ዋንዛ

ግንቦት መጨረሻ ላይ በአንድ እጄ የእጣን ማጨሻ፣ በሌላው ስልኬን ይዤ፣ ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ የስፒከሬን ሳጥን በጭስ ሳጥን እናቴ ገባች። በሩ ላይ ቆማ ለጥቂት ጊዜ አየችኝና «ልጄ፣ እጣኑ ለማን ነው?» አለችኝ።

እጣኑ ለቀዳዳ ነበር። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ከግራው ሳጥን ከበሮ በተመታ ቁጥር «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ስፒከሩን ፈትቼ አየሁ፣ ሽቦውን ነካካሁ፣ ብሎኖቹን አጠበቅሁ፤ ለውጥ የለም። ጭሱ ግን አጋለጠው። በሳጥኑ ጎኖች ሁሉ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ፣ ከጀርባው መሐል ላይ ስደርስ ከምቱ ጋር ወደ ውጭ ይገፋል፣ መልሶም ይሳባል። መብራት አስጠግቼ ሳይ ጥፍር የማታስገባ ስንጥቅ ከላይ ወደ ታች አንድ ስንዝር ያህል ወርዳለች።

ሳጥኖቹን የሠራሁት ጥቅምት ላይ ነው። ሁለቱን ባለ 8 ኢንች ስፒከሮች እዚሁ ድሬዳዋ ካለው ታይዋን ገበያ ገዛኋቸው፤ እስከ ዛሬ ድረስ አንድም ነገር አልጎደለባቸውምና በዚሁ ልለፋቸው። ለሳጥኑ ያሰብኩት 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ ነበር። እንጨት ሻጩ ግን ከት ብሎ ሳቀብኝ። «ልጄ፣ የተፈጨ እንጨት ለቢሮ ጠረጴዛ ነው። ከበሮ ከምን ይሠራል? ከዋንዛ!» ደርቆ እንደሆነ ስጠይቀው በጣቱ አንኳኳና «አጥንት ሆኗል» አለኝ። ከሁለቱ ስፒከሮች ዋጋ በላይ ከፍዬ ተሸክሜ ወጣሁ።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር በልቤ ስከራከር ኖሬአለሁ። ጌታዬ፣ ከበሮ የሚሠራው ገላው አብሮ እንዲዘፍን ነው። የስፒከር ሳጥን ሥራው ግን ዝም ማለት ነው። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ጀርባው አየሩን ይስባል፤ ሳጥን ከሌለ የፊቱና የኋላው ሞገድ ተገናኝተው ይጠፋፋሉ፣ ወፍራሙ ድምፅም አብሮ ይጠፋል። የእኔ ሳጥን ውስጡ 30 በ30 በ45 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 40 ሊትር ያህል ነው። ከፊቱ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 75 ሚሊ ሜትር የውኃ ቱቦ ሰክቼበታለሁ፤ በስሌቱ ወደ 40 ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ላይ ያስተጋባል። አውስትራሊያዊው መሐንዲስ ኔቪል ቲል እንዲህ ያለውን ስሌት በ1961 እ.ኤ.አ. ሲያሳትም ሳጥኑ ከቱቦው በቀር አየር አያፈስም ብሎ ነው። በእነዚያ ወፍራም ድምፆች ላይ በሳጥኑ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚበረታ፣ ጥፍር የማታስገባው ስንጥቅ ፉጨት ትሆናለች።

ለምን ተሰነጠቀ? እዚህ ላይ ጥፋቱ የሻጩ ብቻ አይደለም፣ ቢያናድደኝም። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ ብዙም አያጥርም፤ በጎኑ ግን ይጠባል። እኔ ደግሞ ሳጥኑ እንዳይንቀጠቀጥ ብዬ ከጀርባው ውስጥ አግዳሚ ማጠናከሪያ በኮላ ለጠፍኩበት። ጣውላው በድሬዳዋ ግንቦት ልጥበብ ሲል ማጠናከሪያው አላንቀሳቅስ አለው፤ መሄጃ ሲያጣ ተሰነጠቀ። ኤምዲኤፍ ቢሆን እንዲህ ያለ ጣጣ ባልኖረ። ሐረር ብኖር ኖሮ እንኳ ምናልባት እተርፍ ነበር፤ በደንገጎ ዳገት ወጥቶ ከ1,800 ሜትር በላይ የተቀመጠ ከተማ እንጨት እንደ እኛ አይጠብስም።

የዋንዛ ብናኝ ከኮላ ጋር ለውሼ ስንጥቁን ሞላሁት። ሁለት ሳምንት ቆየና ከጎኑ ሌላ ከፈተ። በመጨረሻ የሁለቱንም ሳጥን ጀርባ ነቅዬ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ መታሁበት። ፉጨቱ ጠፋ። አሁን ሳጥኖቼ እንደ ሰደርያ ናቸው፦ ከፊት ሱፍ፣ ከኋላ ገበር።

ይህን ገንዘብ እንደገና አወጣ ነበር? ኮምፔንሳቶውን በገዛሁበት ቀን ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሴ ለጽሑፍ አይመችም ነበር። ዛሬ ግን ጎረቤቴ «ሽጥልኝ» ሲለኝ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ተቆጣሁት። እናቴም ሁለቱንም ዳንቴል አልብሳቸዋለች፤ ከፍ አድርጌ ስከፍተው የዳንቴሉ ጫፍ ይርገበገባል።

ወደ ሻጩ ተመልሼ ልወቅሰው ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። የሚለኝን አውቀዋለሁ፦ «አጥንት ሆኗል አላልኩህም? አጥንት አይሰነጠቅም እንዴ?»