የጓሮ ዶሮ እንቁላልና በአስኳሉ ላይ የምትታየው ቀይ ነጥብ

ላለፉት ሦስት ወራት የቤታችንን እንቁላል የምንገዛው፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምንኖርበት ሰፈር በጓሯቸው 20 ያህል ዶሮ ከሚያረቡ አንዲት እናት ነው። አብዛኞቹ ዶሮዎች ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ ቦቫንስ ብራውን ሲሆኑ፣ ጥቂት የሐበሻ ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮም አሉ። እንቁላሉ ትኩስ፣ አስኳሉም ደማቅ ነው። ሆኖም አንዳንድ ጎረቤቶች አስኳሉ ላይ ቀይ ነጥብ በማየታቸው ደንበኝነታቸውን አቁመዋል። በእኔ ግምት ጎረቤቶቼ የሸሹት ከማያስፈራው ነገር ነው፤ ቅሬታ ሊያቀርቡበት የሚገባው ሌላ ጉድለት ግን አለ።

ለፋሲካ የገዛኋቸውን 30 እንቁላሎች አንድ በአንድ በቡና ስኒ እየሰበርሁ አየኋቸው። በአራቱ ላይ ከአስኳሉ ጋር የተጣበቀች፣ ትንሿ የጤፍ ፍሬ፣ ትልቋ ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ ነበረች። አስኳሉ አድጎ ሲላቀቅ፣ የያዘው ስስ ከረጢት የደም ሥር በሌለበት መስመር ላይ መቀደድ ሲኖርበት አጠገቡ ያለ ቀጭን የደም ሥር አብሮ ከተበጠሰ እንዲህ ያለ ነጥብ ይተርፋል። በሁለቱ እንቁላሎች ደግሞ በነጩ ውስጥ የሚንሳፈፍ ቡናማ ቁራጭ አገኘሁ፤ እርሱም እንቁላሉ ከሚያልፍበት ቱቦ ግድግዳ የተላጠ ሥጋ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ደም ነው። አውራ ዶሮ አጠገባቸው ደርሶ የማያውቅ ዶሮዎችም እንዲህ ያለ እንቁላል ስለሚጥሉ፣ ነጥቡ የጽንስ ምልክት አይደለም። ቡናማ እንቁላል በሚጥሉ ዝርያዎች ላይ ይበዛል፤ የዘር ውርስ፣ ድንጋጤ፣ በመኖው ውስጥ የቫይታሚን ኤ ወይም ኬ ማነስም ያባብሰዋል። (የሰፈራችን ውሾች ሌሊቱን እንዴት እንደሚያሳልፉ ለሚያውቅ ሰው የድንጋጤው ነገር አያስገርምም።) ነጥቡን በማንኪያ ጫፍ አንሥቶ መጣል ይቻላል፤ ባይነሣም እንቁላሉ በደንብ እስከበሰለ ድረስ አይጎዳም።

የዶሮ ሥጋ ደሙ ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ በሎሚና በጨው ደጋግሞ በሚታጠብበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ነጥብ ቢጸየፍ አልፈርድበትም። ነገር ግን ለዶሮ ወጥ የሚሆነው እንቁላል ከነቅርፊቱ ስለሚቀቀል፣ ሁላችንም ሳናያት ስንት ጊዜ እንደበላናት መገመት አያዳግትም። በብርሃን እየተፈተሸ በሚታሸግ እንቁላል ላይ ነጥቡ የሚያንሰው ተለይቶ ስለሚወጣ ነው፤ ቡናማው ቅርፊት ብርሃን አላሳልፍ ስለሚል ከዚያም የሚያመልጥ አይጠፋም።

ቅሬታዬ ስለ ሰባተኛው እንቁላል ነው። በእርሱ ውስጥ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በአስኳሉ ላይ የተዘረጋ የቀጫጭን ደም ሥሮች መረብ ነበር። ይህ የጫጩት ጅማሬ ነው። ጫጩት ለመፈልፈል በ37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት 21 ቀን ያስፈልጋል፤ የደም ሥሮቹ ግን ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ቀን ጀምሮ ይታያሉ። ስለዚህ እንቁላሉ በታቀፈች ዶሮ ሥር ለቀናት ከቆየ በኋላ ከትኩሶቹ ጋር ተቀላቅሎ ተሽጦልኛል። መታቀፍ የሚወዱት ደግሞ የሐበሻዎቹ ናቸው።

«እትዬ፣ እንቁላሉን በየቀኑ ነው የሚለቅሙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ዶሮዋ ስትነሣልኝ ነዋ፣ ልጄ! ከተቀመጠች እጅ አታስደርስም» አሉኝ፤ ቀዩንም ነጥብ መረቡንም በአንድነት በአውራው አሳበቡ። በቀዩ ነጥብ አውራው ንጹሕ ነው፤ በመረቡም ቢሆን ጥፋቱ ከእርሱ ይልቅ የአለቃቀሙ ነው። ያለ ክርክር በአንዱ ፋንታ ሁለት እንቁላል መስጠታቸውን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ይለቅማሉ፤ ማታም ክፍሉን አጨልመው እያንዳንዱን እንቁላል በሞባይል የባትሪ መብራት ላይ አስቀምጠው ያያሉ። የሐበሻው ቅርፊት ነጣ ስለሚል ውስጡ በቀላሉ ይለያል፤ የቡናማው ግን ያስቸግራቸዋል። ከዚያ በኋላ በገዛኋቸው 24 እንቁላሎች ውስጥ ቀይ ነጥብ በሦስቱ ላይ አገኘሁ፤ የደም ሥር መረብ ግን አልነበረም። ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱን የቀነስሁት የተለቀመበትን ቀን በእንቁላሉ ላይ ስለማይጽፉ ነው።